ጅማ ውስጥ በሕገ ወጥ መንገድ የተጣለ ቆሻሻን ለሚመለከተው አካል ማመልከት

በአዌቱ ወንዝ ዳርቻ በሌሊት ተራግፎ የሚያድር ቆሻሻ ክረምቱ ሲበረታ በጎርፍ ተጠርጎ ወንዙ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጥቆማው ከዝናቡ ቀድሞ ሊደርስ ይገባል። በመጀመሪያ ክምሩን ሳይነኩ ፎቶግራፍ ያንሱ፤ ከፎቶግራፎቹ ቢያንስ አንዱ ቦታውን የሚያስታውቅ ድልድይ፣ ሱቅ ወይም የመብራት ምሰሶ አብሮ ማሳየት አለበት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና፣ ከታየ፣ የተሽከርካሪውን የሰሌዳ ቁጥር ይመዝግቡ። ያገለገለ መርፌ ካለበት ይህንኑ በማመልከቻው መጀመሪያ ላይ ይግለጹ። ቆሻሻውን ሲጥል ያዩትን ሰው ግን ፊት ለፊት አይጋፈጡ።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ለቀበሌው ወይም ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ያስገቡ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ በዚያው ቋንቋ ቢጻፍ ይመረጣል። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ፤ በቃል የቀረበ አቤቱታ ለክትትል አያመችምና ይህን ፈጽሞ እንዳይዘነጉ አደራ እላለሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው በራሱ ላይ ጉዳት መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረኩ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የ30 ቀኑ ገደብ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላሉ።