ጠይም ፊትን በዘይት ቀለም እንዴት እንሳል?

ጎንደር ያላችሁ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩ። የመላእክቱ ዓይን፣ ቅንድብና አፍንጫ በጥቁር መስመር ተለይቶ ነው የተሣለው። ቁጭ እውነተኛውን ሰው የሚመስል ፊት ስትሠሩ ግን የምትከተሉት መስመሩን ሳይሆን ብርሃንና ጥላውን ነው።

መጀመሪያ የሚሣለውን ሰው ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ። አምፖሉን አጥፉ፤ ሁለት ብርሃን ከተደባለቀ ጥላው ይበላሻል።

በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥናችሁ ሸራውን በጨርቅ ቀቡት። ሲደርቅ በዚያው ቀለም ንድፉን አውጡ። ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መሃል ላይ ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ይሰቅሉታል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል የአንድ ዓይን ያህል ስፋት ተዉ።

አሁን ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ሰውየውን እዩት። ዝርዝሩ ይጠፋና ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። ጨለማውን በሙሉ በቡናማው ሙሉት። እዚህ ላይ ካልመሰለ ቀለም አያድነውም፤ ቆም ብላችሁ አስተካክሉ።

ወደ ቀለም እንለፍ። ጠይም ቆዳ ከአንድ ቱቦ አይወጣም። በርንት ሲየና የሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ቢጫ ኦከር፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ቀይና ነጭ ይበቃሉ። ጥላውን በሲየናና በአልትራማሪን ሥሩት እንጂ ጥቁር አታስጠጉት፤ ጥቁር ቆዳውን ሕይወት ያሳጣዋል። ግንባር ወደ ቢጫ ያደላል። ጉንጭ፣ አፍንጫና ጆሮ ይቀላሉ። አገጭ አካባቢ ቀዝቀዝ ይላል። የአፍንጫው ጫፍና የጉንጩ አጥንት ላይ የሚያበራው ቦታ ደግሞ በመስኮት የሚታየውን ሰማይ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ነጩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጠብ አድርጉበት። በነጭ ብቻ ካበራችሁት ፊቱ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። የዓይን ነጩም ነጭ አይደለም፤ ግራጫ ነው። ብሌኑ ላይ ያለችውን ብልጭታ መጨረሻ ላይ አኑሯት።

ከሥር ያለው ድርብ አኳራጅ ይብዛበት፣ ከላይ ያለው የተልባ ዘይት። ከተገለበጠ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። የምግብ ዘይት አትሞክሩ።

የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ክረምት ላይ ቅዝቃዜው ስለሚያዘገየው አትቸኩሉ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተቀመጠ ራሱ ግሎ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።