ለባሕር ዳር የዓሣ ቤት ባለቤቶች፦ የሽያጭ ግምት ሲበዛባችሁ

በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነን ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ «ለ» ውስጥ አስገብቶታል። ግብሩ የሚሰላው ከጠቅላላ ሽያጩ ነው፤ የዘይትና የከሰል ወጪ አይቀነስም። ስለዚህ የግብር ቢሮው ሽያጩን አጋኖ ከገመተ ትርፍ ሳይኖር ግብር ይጨምራል።

ግምት በብዛት የሚሳሳተው በወቅት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የጣና ዳር ዓሣ ቤቶች ይጨናነቃሉ። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ቤት በጾሙ በቀን 6,000፣ በቀሪው 245 ቀን ደግሞ 2,500 ብር ቢሸጥ ድምሩ 942,500 ብር ነው። የጾሙ ሽያጭ በ300 ቀን ከተባዛ ግን 1,800,000 ይሆናል፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው!

ደብተር ዛሬውኑ ጀምሩ። ማታ ሒሳብ ስትዘጉ የገዛችሁትን ቀረሶና አምባዛ በኪሎ፣ የሸጣችሁትን በብር ጻፉ፤ በቴሌብር የገባውን ለዩት። ዝግ የዋላችሁበትን ቀንም ከነምክንያቱ መዝግቡ። ለክርክር ከሁሉ በላይ የምትጠቅመው ይህች መስመር ናት።

የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ። «በዝቶብኛል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስህተቱን፣ ትክክለኛውን ቁጥርና ማስረጃውን አስቀምጡ። የማትከራከሩበትን የግብር ክፍል አስቀድማችሁ ክፈሉ፤ ካልተከፈለ ቅሬታው ተቀባይነት ያጣል። በቃል መነጋገር የ21 ቀኑን ቆጠራ አያቆመውም፤ በቅሬታችሁ ቅጂ ላይ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ሳታስደርጉ ከቢሮው አትውጡ።