የሕክምና ወጪ ሲከብድ ለተወካያችሁ እንዴት አቤት ትላላችሁ

የእናቴን የመድኃኒት ደረሰኞች የማስቀምጠው በአንድ አሮጌ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። የሦስት ዓመት ደረሰኝ ነው። እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት። የጤና መድህን አባል ነን፤ መዋጮውን በየዓመቱ እንከፍላለን። ከጤና ጣቢያው ፋርማሲ መስኮት የምንሰማው መልስ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ይኼ የለም፣ ከውጭ ግዙት።» አንድ ቀን በቃኝ አልኩ። ለምክር ቤት ተወካያችን ቢሮ ልጽፍ ተነሳሁና ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ግማሹ ደረሰኝ ነጭ ወረቀት ሆኖ ጠበቀኝ።

የካሽ ሬጅስተር ወረቀት እንደዚህ ነው። ጽሑፉ በሙቀት ስለሚታተም ሲቆይ ይደበዝዛል፤ ሙቀት ያለበት ቦታ ከተቀመጠ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። የእኛ ቆርቆሮ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ስንት ብር እንዳወጣን እኔ አውቃለሁ። ላሳይ ስል ግን እጄ ላይ ምንም የለም።

ጎንደር ውስጥ ቡና ተፈልቶ የሕክምና ወጪ የማይነሳበት ቤት አላውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛስ አልደበቅንም፤ ስናወራ የምንውለው ግን እርስ በርሳችን ነው። ወሬው የሚመለከተው ሰው ጠረጴዛ ላይ እንዲደርስ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ፣ እኔ እየተሳሳትኩ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት ሰብስቡ

ደረሰኝ በተቀበላችሁበት ዕለት በስልክ ፎቶ አንሱት። ከተቻለም ፎቶ ኮፒ አስደርጉት፤ ኮፒው አይጠፋም። የሐኪም ማዘዣውንም እንዲሁ። መድኃኒት ቤቱ ማዘዣውን ሊያስቀረው ስለሚችል ከመስጠታችሁ በፊት አንሱት።

መድኃኒቱ ከመንግሥት ተቋሙ ሲታጣ፣ ማዘዣው ላይ «የለም» ብለው እንዲጽፉበትና እንዲፈርሙበት በትህትና ጠይቁ። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ክርክር ታስቀራለች። አለበለዚያ በኋላ «እነሱ ራሳቸው መርጠው ከግል ገዝተው ነው» ሊባል ይችላል።

ከዚያ አንድ ደብተር ያዙ። ቀኑ፣ የሄዳችሁበት ቦታ፣ የተባላችሁት፣ የከፈላችሁት። ደረሰኝ የሌለውን ወጪም ጻፉት። የባጃጅ፣ ከገጠር ለመጣ ሰው የአልጋ፣ አስታማሚው ከሥራ የቀረበት ቀን። ሁሉም የሕክምና ወጪ ነው። እኛ ቤት ደብተሩን የያዘችው እህቴ ናት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ስትደምረው ከመድኃኒቱ ይልቅ የምልልሱ ወጪ እንደሚበልጥ ያየነው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የምንጠይቀው ነገር ራሱ ተለወጠ። «መድኃኒት ይርከስልን» ማለቱን ትተን «የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጠን» ማለት ጀመርን።

ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ

ብዙ አቤቱታ ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛ ብሶት ለማይመለከተው ሰው ይጻፍና «አግባብ ላለው አካል አቅርቡ» ተብሎ ይመለሳል። የከተማ ምክር ቤት አለን፣ ባሕር ዳር የክልል ምክር ቤት አለን፣ አዲስ አበባ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። በሦስቱም ውስጥ እኛን ወክሎ የተቀመጠ ሰው አለ።

የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ የከተማው ነው። ችግራችሁ ካርድ ክፍል ውስጥ ያለው ሰልፍ ከሆነ፣ ወይም ላብራቶሪው «ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልቋል» እያለ ወደ ግል የሚልካችሁ ከሆነ፣ ይህ የከተማው ጤና መምሪያና የከተማው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። ለዚህ አዲስ አበባ መጻፍ አያስፈልግም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ግን ሌላ ነው። ከመተማም፣ ከቋራም፣ ከደባርቅም ሰው ሪፈር ይዞ ይመጣበታል። ከተማችን መሐል ስላለ የከተማው ይመስለናል። ሆስፒታሉ በዩኒቨርሲቲው ሥር ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በጀቱን የሚያገኘው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ የዚያ ሆስፒታል በጀት፣ መሣሪያና መድኃኒት የሚመለከተው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያለውን ተወካያችሁን ነው።

የጤና መድህን መሐል ላይ ያለ ጉዳይ ነው። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው ደቡብ ክልል 13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ሐሳቡ ሰው በጤናው ጊዜ አዋጥቶ በታመመ ጊዜ ከኪሱ እንዳይከፍል ነበር። ምዝገባው ከቀበሌ ይነሳል፤ የክልሉም የፌዴራሉም መንግሥት እጅ አለበት። ቅሬታችሁ «መዋጮ ከፍዬ አገልግሎት አጣሁ» ከሆነ ለክልል ምክር ቤት አባላችሁ ጻፉ፤ ግልባጩን ለፌዴራሉ አድርጉት። መዋጮውን የመክፈል አቅም ለሌለው ቤተሰብ ደግሞ የድሃ ድሃ ተብሎ መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር አለ። ጎረቤታችሁ በዚያ መካተት ሲገባቸው ቀርተው ከሆነ ከቀበሌው ጀምሩ።

የመድኃኒት እጥረት ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለመንግሥት ተቋማት መድኃኒት የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው፤ ፌዴራል ነው፣ ጎንደርም ቅርንጫፍ አለው። የጤና ጣቢያውን ፋርማሲ ኃላፊ «ጠይቃችሁ አጥታችሁ ነው፣ ወይስ መግዣ ገንዘብ አጥሯችሁ ነው?» በሏቸው። ጠይቀው ካጡ ችግሩ ከላይ፣ ከአቅራቢው ነው፤ ለፌዴራል ተወካያችሁ ጻፉ። ገንዘብ ካጠራቸው የከተማው በጀት ነው። እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቅኳቸው ሴትዮ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ ሩብ ሰዓት አስረዱኝ። እነሱም የሚሰማቸው ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር ለይታችሁ ያዙ። ክትባት፣ በጤና ጣቢያ መውለድ፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት፣ የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ተቋም በነጻ የሚሰጡ ናቸው። ለእነዚህ ክፈሉ ከተባላችሁ ነገሩ የወጪ መክበድ ሳይሆን ደንብ መጣስ ነው። በዚያው ቀን የተቋሙን ኃላፊ አነጋግሩ፤ ካልተፈታ ጤና መምሪያ ሂዱ።

ተወካዩ ምን ማድረግ ይችላል?

የእናንተን ሒሳብ ማሰረዝ አይችልም። አልጋም አያስይዝም። ይህን የሚጠይቅ ደብዳቤ ዳር ይቀመጣል። የሚችለው ሚኒስትር መጠየቅ፣ ጉዳዩን ለቋሚ ኮሚቴ ማድረስና በጀት ሲጸድቅ መናገር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። ከሁለቱ አንዱን በደብዳቤያችሁ ውስጥ በአንድ መስመር ጥቀሱ። አንባቢው መብታችሁን እንደምታውቁ ይረዳል።

ደብዳቤው

አንድ ገጽ፣ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ጥያቄ። ብሶት ሲጀመር አያልቅም፤ መንገዱ፣ መብራቱ፣ ውሃው ሁሉ ይመጣል። እሱን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ራፖር ጸሐፊ ጋ ከሄዳችሁ ጥሩ ያምራል፣ ግን መግቢያው ይረዝማል። «ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ» ተብሎ ግማሽ ገጽ ይሄዳል። ጥያቄያችሁ ከላይ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ እንዲቀመጥ ንገሯቸው። ለምሳሌ እንዲህ፦

*ለክቡር (ለክብርት) የምክር ቤት አባል*
*ጉዳዩ፦ በጤና ጣቢያችን የስኳር መድኃኒት ስለመታጣቱ*

*የ____ ቀበሌ ነዋሪ ስሆን የጤና መድህን አባል ነኝ። ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ለእናቴ የታዘዘው የስኳር መድኃኒት አራት ጊዜ ከጤና ጣቢያው ታጥቶ ከግል መድኃኒት ቤት ገዝተናል። የማዘዣና የደረሰኝ ኮፒ አያይዣለሁ። የፋርማሲው ኃላፊ ጠይቀው እንዳልተላከላቸው ነግረውናል።*

*የምጠይቀው አቅርቦቱ ለምን እንደተቋረጠ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተጠይቆ መልሱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ ነው።*

«መፍትሔ ይሰጠን» ብቻ አትበሉ። መፍትሔ የሚለው ቃል ሰፊ ነው፤ «እየተሠራበት ነው» የሚል መልስ ይበቃዋል። «ተጠይቆ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ካላችሁ ግን መሠራቱም አለመሠራቱም ይታወቃል።

ነርሷን ወይም ካርድ ክፍል ያለውን ልጅ በስም አትክሰሱ። ዋጋውን የተመኑት እነሱ አይደሉም። የታማሚውን ፈቃድም ጠይቁ። ሰው እንዲያውቀው የማይፈለግ ሕመም ካለ የሕመሙን ስም ትታችሁ ወጪውን ብቻ ጻፉ። ዋናውን ሰነድ ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ ብቻ።

ችግሩ የብዙ ሰው ከሆነ ወደ እድራችሁ ውሰዱት። የእድር ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ አለ፣ ሁሉም ታሞ ወይም አስታሞ ያውቃል። ደብዳቤውን ጮክ ብላችሁ አንብቡና የተስማማ ይፈርም። ሳያነብ የፈረመ ሰው በኋላ ሲጠየቅ «አላውቅም» ሊል ይችላል።

ማስገባቱ

ተወካያችሁ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ አትፈሩ፣ ብዙ ሰው አያውቅም። ከተማ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ቀበሌያችሁን ተናገሩና በየትኛው የምርጫ ክልል እንደሆናችሁ፣ ማን እንደሚወክላችሁ፣ ደብዳቤ በምን በኩል እንደሚደርሰው ጠይቁ። ምርጫ በተደረገ ቁጥር ሰው ሊቀየር ስለሚችል ያለፈውን ስም ይዛችሁ አትሂዱ።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። አንዱን ይቀበሏችኋል። ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማህተም ያድርጉላችሁ። ይህን ሳትይዙ አትውጡ። እኔ የመጀመሪያውን ደብዳቤዬን በር ላይ ለቆመ ሰው በእጁ ሰጥቼ ተመለስኩ። ከወር በኋላ ስጠይቅ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልገባም ተባልኩ። ቁጥር ስላልነበረኝ ምንም ማለት አልቻልኩም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሰበሰባል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በጀት የሚጸድቀው ከዚያ በፊት ነው። የገንዘብ ነገር ከሆነ ጉዳያችሁ ሚያዝያ ላይ መግባት አለበት። ሐምሌና ነሐሴ ምክር ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ተወካዮችን በአካል ለማግኘት ይቀላል።

በአካል ስታገኟቸው፣ በተለይ አዳራሽ ውስጥ መራጩ ተሰብስቦ ከሆነ፣ ማይኩ ሲደርሳችሁ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተናገሩ። «ጤና ይስጥልኝ። የማራኪ ነዋሪ ነኝ። በስድስት ወር አራት ጊዜ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። ደብዳቤያችን በዚህ ቁጥር ገብቷል። መቼ መልስ እንጠብቅ?» ይበቃል። ቃለ ጉባኤ የሚይዘውን ሰው ፈልጋችሁ ቁጥሩን እንዲጽፍ አድርጉ። እልህ ይዟችሁ ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥ ችግር የለውም፤ እናቱ የታመመችበት ሰው ነው የሚናገረው።

መከታተሉ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውሉ ወይም ሂዱ። ቁጥሩን ተናገሩ፣ «ወደ የትኛው ክፍል ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፉ። መልስ ከሌለ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፉ፤ የመጀመሪያውን ቁጥር ጥቀሱ፣ ግልባጩን ለሚመለከተው ጤና መሥሪያ ቤት አድርጉ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በደል ካደረሰባችሁ ወይም መልስ ከነፈጋችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል። እዚያም የሚጠይቋችሁ የመጀመሪያው ነገር ያ ማህተም ያለበት ኮፒ ነው።

መልስ የመጣ ዕለት፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ለፈረሙት ሁሉ በእድሩ ስብሰባ አንብቡላቸው። እኛ ከሁለተኛው ደብዳቤ በኋላ ያገኘነው መልስ ግማሽ ገጽ ነበር። መድኃኒቱ ወዲያው አልመጣም። ግን እጥረቱ መኖሩን በማህተም አምነው ጽፈውልናል። ሦስተኛውን ደብዳቤ ስንጽፍ የጀመርነው ከዚያ መስመር ነው።