ለድሬ ቤት የሲም ሞደም እንዴት ይመረጣል?

እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ሞደም ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 150 ሜጋ ቢት ነው። እሱን ተዉት። ዕቃው በጥሩ ኔትወርክ ቢበዛ የሚደርስበት ጣሪያ ነው እንጂ ቤታችሁ የሚገባው አይደለም። እኔ ሳቢያን ቤቴ ሩቡንም አይቼ አላውቅ።

ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ የሲም ሁኔታ የሚለው ጋ ከዲቢኤም (dBm፣ የኔትወርክ ጥንካሬ መለኪያ) አጠገብ በመቀነስ የሚጻፍ ቁጥር አለ፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ኔትወርኩ ይሻላል። በ4ጂ -85 ደህና ነው፣ -110 ደካማ። ሐረር ጁገል ውስጥ አክስቴ ቤት ግቢው ላይ -88 ያለኝ፣ ከዚያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ጀርባ ስገባ -112 ሆነ። እንዲህ ላለ ቤት የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ራውተር ፈልጉ።

ለአንድ ላፕቶፕ ብቻ ከሆነ ዶንግል፣ ማለትም ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሽዬ ሞደም፣ ይበቃል። በረጅም ማራዘሚያ ገመድ ግን አትሰኩት፤ ኃይል እያነሰው ይቆራረጣል።

ዛሬ ከዚራ ነገ ሐረር ለሚል ሰው ሚፋይ፣ ማለትም ባትሪ ያለው የኪስ ራውተር፣ ነው። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። አንዱን ገዝቼ የቤት ራውተር አደረግኩት። ኔትወርክ የሚሻለው መስኮቱ ላይ ስለሆነ እዚያው አስቀምጬ ቀንና ሌሊት ቻርጅ ላይ ተውኩት። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ባነሳው ጀርባው እንደ አምባሻ ተነፍቷል፤ ክዳኑ አልገጥም አለ። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። ሞልቶ ተሰክቶ መክረሙም አይስማማውም። የድሬ ጥላ ብቻውን ከ35 ሲያልፍ፣ የዕቃው የራሱ ሙቀትና የመስኮት ፀሐይ ሲጨመርበት አስቡት። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ቻርጅ አታድርጉ፣ አትጫኑት፣ አትውጉት።

ስለዚህ ለቤት ባትሪ የሌለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ራውተር ውሰዱ። ሰፈራችሁ መብራት የሚመላለስበት ከሆነ መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽዬ የራውተር ዩፒኤስ ጨምሩ። የራውተሩ አዳፕተር ላይ ስንት ቮልት እንደሚል አንብቡ፤ 12 የሚል ብዙ ነው፣ 5ም 9ም ግን አለ። ዩፒኤሱ ያንኑ ቮልት መስጠት አለበት። “ሁሉም አንድ ነው” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሳትከፍሉ ሲማችሁን አስገብታችሁ ሞክሩ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 አገልግሎት የጀመረው እዚሁ ድሬ ስለሆነ የሁለቱንም ኔትወርክ፣ የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም፣ ሲም የያዘ ቤት ብዙ ነው። ያገለገለ ዕቃ ደግሞ ለአንድ ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ሲም አስገቡበት። “ቤት ስትገቡ ይሠራል” የሚባል ነገር የለም።

ፓስዎርዱን መቀየር ታውቁታላችሁ።