ቲማቲማችሁ ሲታመም መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ

ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲዎች ደርድሬ ቲማቲም አበቅላለሁ። ጎረቤቶቼ የራሳቸው ሲታመምባቸው ፎቶ አንስተው ያሳዩኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ "ምን ልርጭበት?" እኔ መልሼ የምጠይቀው ግን "በስንት ቀን ነው የምታጠጡት?" ብዬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በባልዲ የተተከለ ቲማቲም አብዛኛው ጣጣው ከውሃ ይነሳል። አንዴ ይበዛበታል፣ አንዴ ይጠፋበታል፣ አንዴ ደግሞ ያለቦታው ቅጠሉ ላይ ይፈስበታል።

በብዛት የሚያሳዩኝ የጠቆረ ፍሬ ነው። ቲማቲሙ ገና አረንጓዴ እያለ የታችኛው ጫፉ ይጠቁርና ጠፍጠፍ ይላል። ይሄ በሽታ አይደለም፣ ተባይም የለበትም። ፍሬው ካልሲየም አጥሮት ነው። ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ወደ ፍሬው የሚወስደው ግን ውሃ ነው። ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየሙም ይቆራረጣል።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሰው ውሃ የመጣ ቀን ባልዲውን ያጥለቀልቀዋል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ዞር ብሎ አያየውም። ጫፉ የሚጠቁረው፣ ሊበስል ሲልም የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። አንድ ጀሪካን ለቲማቲሙ ብቻ መድቡ። ጠዋት ጠዋት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ከላዩ ደርቆ ከስር ርጥበት ካለው ተዉት፤ ከስርም ከደረቀ አጠጡ። ፍሬ ከያዘ በኋላ ፀሐይ ሲበረታ በየቀኑ ውሃ ሊፈልግ ይችላል። አፈሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ብትሸፍኑት ርጥበቱ ቶሎ አይተንም። የባልዲው መቀመጫም መበሳት አለበት፤ ውሃ መውጫ ካጣ ስሩ ይበሰብሳል።

የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ መጨመር እንደ መድኃኒት ሲነገር እሰማለሁ። ጉዳት የለውም። ግን አፈር ውስጥ እስኪፈራርስ ወራት ይወስዳል፣ ዛሬ የጠቆረውን ፍሬ አያድንም። የጠቆረውን ቀንጥሱና ተክሉ ጉልበቱን ለሚቀጥለው ያውለው።

ወደ ክረምት ስንገባ ጉዳዩ ይከብዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ብርድና ርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ይመጣል። ቅጠሉ ላይ ውሃ ያዘለ የሚመስል ጠቆር ያለ ነጥብ ይወጣል፣ ይሰፋል። ጠዋት ቅጠሉን ስትገለብጡት ነጭ ሻጋታ ታያላችሁ። ፍሬው ቡናማ እየሆነ ይበላሻል። ድንችንም የሚያጠቃው ይሄው በሽታ ነው፣ በንፋስም ይዛመታል። ስለዚህ ቲማቲምና ድንች አጠገብ ለአጠገብ አትትከሉ። በሽታው አንዴ ግንዱ ላይ ከደረሰ ተክሉን ነቅሎ፣ በፌስታል አስሮ መጣል ይሻላል። ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት። ሌሎቹን ለማትረፍ ዝናብ የማይነካው ጣሪያ ስር አድርጓቸው። በማንኛውም ወቅት ቢሆን ውሃ የምታጠጡት ከስር ይሁን፣ ቅጠሉን አታርጥቡት። መሬት የሚነኩትን የታች ቅጠሎች ቀንጥሱ፤ ግንዱንም በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩት፣ አየር ያግኝ።

ከታች ባሉት ቅጠሎች ላይ ክብ ክብ፣ ቀለበት የሠራ ቡናማ ነጥብ ካያችሁ ግን ያ ሌላ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። የተነኩትን ቅጠሎች እየለቀሙ መቆጣጠር ይቻላል።

ክረምቱን ለማምለጥ እኔ የምመርጠው ዘሩን በታህሳስ አጋማሽ ቤት ውስጥ፣ ብርሃን ባለው መስኮት ስር መዝራት ነው። ጥር መጨረሻ ላይ ችግኙን ወደ ባልዲ አዛውራለሁ። አበባው የሚመጣው የሌሊቱ ብርድ ከላላ በኋላ ይሆናል፣ ፍሬውም ከክረምቱ በፊት ይደርሳል። ሮማ ቪኤፍ የሚባለው ዝርያ አጭር ስለሆነ ለበረንዳ ይመቻል። ከአፈር የሚመጣ አንዳንድ የማጠውለግ በሽታም ይቋቋማል። ሌት ብላይትን ግን አይችለውም።

አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል? በኅዳርና በታህሳስ ከሆነ ብርዱ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቲማቲም ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። ባልዲውን ቀን ፀሐይ ያሞቀው ግድግዳ ስር አስጠጉት። ብርድ በሌለበት ወቅት ከሆነ ማዳበሪያውን ተመልከቱ። ዩሪያ የበዛበት ተክል ቅጠሉ ያምራል፣ ፍሬ ግን ይነሳችኋል። ንፋስ የማያገኘው በረንዳ ላይ ደግሞ እረፋድ ላይ የአበባውን ዘለላ በጣት ቀስ አድርጎ ማነቃነቅ ይጠቅማል። የቲማቲም አበባ ወንዴውም ሴቴውም ራሱ ውስጥ ስላለ ብናኙ ከረገፈ ይበቃዋል።

ስለ ተባይ ሁለት ነገር ልበል። ቅጠሉ ውስጥ ነጣ ያለ፣ የተቦረቦረ መንገድ ካያችሁ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የእሳት እራት ትል ሊሆን ይችላል። አገራችን ውስጥ መታየት የጀመረው በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ለጥቂት ባልዲ መርጨት አያስፈልግም። በየሁለት ሦስት ቀኑ ቅጠሎቹን እያዩ፣ የተቦረቦረውን ቀንጥሶ ትሉን መጨፍለቅ ያዋጣል። ስትነኩት ብን የሚል ነጭ ዝንብ ከሆነ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡና ማታ የቅጠሉን ጀርባ ርጩት። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩትና ካላቃጠለው ቀጥሉ።

ምርቱ ሲያልቅ እዚያው አፈር ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች አትድገሙ። ቆስጣ ወይም ሰላጣ ዝሩበት፤ ለቀጣዩ ቲማቲም ግማሽ ያህሉን በአዲስ አፈርና በደንብ በበሰበሰ ኮምፖስት ቀይሩት።