ከአዘዞ እስከ ዋሽንግተን፦ አጭሩንና ረጅሙን በረራ በአንድ ጉዞ

ከጎንደር ተነስቶ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ጠባያቸው ለየቅል የሆኑ ሁለት በረራዎች ይጠብቁታል። ከአዘዞ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደግሞ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለነዳጅ የሚታረፍበት ሲጨመር 16 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሁሉም የሚጨነቀው ለረጅሙ ነው፤ ጉዞው የሚበላሸው ግን በአብዛኛው በአጭሩ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከአዘዞ ይጀምር።

መጀመሪያ የቲኬቱን ሰዓት በትክክል ያንብቡ። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 07:30 ካለ ከጠዋቱ 1:30 ማለት ነው እንጂ ከቀኑ 7:30 አይደለም። 13:40 ከቀኑ 7:40 ነው፤ 20:15 ከምሽቱ 2:15 ነው። ትልቁ አደጋ ያለው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ «ረቡዕ 00:20» የሚል ቲኬት የያዘ ሰው ቦሌ መገኘት ያለበት ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ማታ ከሄደ አውሮፕላኑ አንድ ቀን ቀድሞታል። ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር ማድረግ፣ በተለይ ለእናትና ለአባት፣ ትልቅ እገዛ ነው።

ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ቢገዙ ይመረጣል። የአዘዞው ዘግይቶ የቦሌው ቢያመልጥ፣ በአንድ ቲኬት የተጓዘን ሰው በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው፤ ለየብቻ ከተገዙ ግን ኪሳራው የተጓዡ ነው። የሻንጣውም ጉዳይ አለ። ወደ አሜሪካ በተለምዶ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዳሉ፤ የአገር ውስጥ በረራ ብቻውን ሲገዛ ግን የሚፈቀደው ከዚያ በጣም ያንሳል። ለየብቻ መግዛት ግድ ከሆነ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ነው። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ደመናና ዝናብ የአዘዞን በረራ ስለሚያዘገይ አንድ ቲኬትም ቢሆን የጠዋቱን በረራ ይያዙ፤ ቢዘገይ እንኳ ከኋላው ሌላ ይኖራል። ለጥምቀት ሰሞን ደግሞ ወንበር ቀደም ብሎ ያልቃል።

አዘዞ ከከተማው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ በቂ ነው። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ስንብቱ ደጅ ላይ ያልቃል፤ አዛውንት ሲሸኙ ይህን አስቀድሞ መንገር ግርግሩን ይቀንሳል። ሻንጣ ሲያስረክቡ የሚለጠፈውን ታግ ይመልከቱ። የመጨረሻ መድረሻው የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሆነ «አይ ኤ ዲ» የሚሉት ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ይታያሉ። የአዲስ አበባ ምልክት ብቻ ካለ ሻንጣው ቦሌ ላይ ይወርዳል ማለት ነው፤ እዚያው ይጠይቁ።

በአጭሩ በረራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመደበው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። የእቃ መደርደሪያው ጠባብ ስለሆነ ትልቅ የእጅ ሻንጣ ደረጃው ሥር ሊወሰድብዎ ይችላል። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና ገንዘብ በትንሽ ቦርሳ አንገት ላይ ይዋሉ። በፕሮፔለሩ ትይዩ ያሉት ወንበሮች ጩኸትና ንዝረት ይበዛባቸዋል። ጠዋት ከሆነ በቀኝ በኩል መስኮት ይምረጡ፤ ፀሐይ አይወጋም፣ ሰማዩ ከጠራም ጣና ከነደሴቶቹ ይታያል። ይህን ያህል ውበት በአንድ ሰዓት የሚያሳይ በረራ ብዙ የለም።

ስንቁን በተመለከተ፦ በርበሬና ሽሮ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግቡ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከተያዘ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ። ማር ፈሳሽ ተብሎ ስለሚቆጠር በእጅ የሚፈቀደው 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቋንጣ አይያዝ፤ ሥጋ ደለስ ላይ ይወረሳል። የሚበላ ነገር ሁሉ ሲጠየቁ «አለኝ» ይበሉ፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው። ፓወር ባንክ ግን በተቃራኒው በእጅ ብቻ ነው የሚያዘው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ከሚፈቀደው የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በታች ነው።

ከቦሌ ሲነሱ ለምን መሃል ላይ እንደሚታረፍ ማወቅ ጠቃሚ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ሰውና ጭነት ሞልቶ ለሙሉ መንገዱ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ደለስ ግን ከባሕር ወለል 95 ሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል፣ መልሱ 13 ሰዓት ገደማ ሳያርፍ ይመጣል። ለብቻቸው የሚሄዱ እናት ካሉ «አውሮፕላኑ አንዴ ያርፋል፤ ሰው ሁሉ ከተቀመጠ አይነሱ፣ ገና ነው» ብሎ መንገር ያስፈልጋል።

ጆሮም በዚሁ በከፍታ ልዩነት ምክንያት ነው የሚታመመው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በአዳዲሶቹ ትልልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ የጎንደር ሰው በበረራው ላይ ብዙ አይሰማውም፤ ጆሮው የሚደፈነው ወደ ቆላው ሲወርድ ነው። ከማረፉ ግማሽ ሰዓት በፊት ይንቁ፤ ማስቲካ ያኝኩ፣ ምራቅ ይዋጡ። ካልተከፈተ አፍንጫን ይዞ በቀስታ መንፋት ነው፤ በኃይል ከሆነ ታምቡሩን ይጎዳል። ለሕፃን ጡት መስጠት ይበቃል።

በረጅሙ በረራ እግር ማበጡ የተለመደ ነው። ሰፋ ያለ ጫማ ያድርጉ፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ፣ ውኃ ደጋግመው ይጠጡ። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ነፍሰ ጡር ወይም እግሩ ላይ ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱም እንዲሁ፤ ዋሽንግተን ከእኛ በብርዳቸው ወራት 8፣ በሙቀታቸው ወራት 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የመውሰጃው ሰዓት መስተካከል አለበት። የጾም ምግብ የሚፈልጉ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ያስመዝግቡ።

ሲመለሱ የግፊቱ ነገር ይገለበጣል። ደለስ አካባቢ የተገዛ ቅባትና ሻምፑ ጎንደር ደርሶ ሲከፈት ገንፍሎ ይወጣል፤ ክዳኑ የላላ ከሆነ መንገድ ላይ ልብስ ያበላሻል። ከመጫኑ በፊት ክዳኑን ከፍተው ጠርሙሱን ጨመቅ በማድረግ አየሩን ያስወጡ፣ ጥብቅ አድርገው ዘግተው በላስቲክ ይጠቅልሉት።