የቡናን ፍሬ በዴስክ ላይ ማብቀል፦ በምናብና በአካል በታገዘ ንግግር ለማስተማር

ጅማ ውስጥ ስለ ዘር መብቀል የሚያስተምር መምህር ከባዶ አይነሳም፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የቡና ችግኝ በዓይናቸው ያዩ፣ አንዳንዶቹም ከወላጆቻቸው ጋር የተከሉ ናቸው። ይሁንና ይህን ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስተምር ከመጽሐፉ እያነበብሁ አስጻፍኋቸው። በማግሥቱ ስጠይቃቸው ዐረፍተ ነገሩን ቃል በቃል መለሱልኝ፤ አስቀድሞ የሚወጣው ሥሩ ነው ወይስ ቅጠሉ ብዬ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ቃሉን ይዘውታል፣ ነገሩን ግን አላዩትም። ከዚያ ወዲህ የምከተለው አካሄድ የሚከተለው ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከመምህሩ ምናብ ነው። ከክፍለ ጊዜው በፊት ዓይንን ጨፍኖ ሂደቱን ከመነሻው እስከ መድረሻው በሐሳብ ማየት ያስፈልጋል፤ መምህሩ ራሱ ያላየው ነገር በድምፁ ውስጥ አይገኝምና። የቡናው ፍሬ በእርጥብ አፈር ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በመጀመሪያ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀጥሎ ቀጭኑ ግንድ ጎብጦ አፈሩን ይገፋና ቀና ሲል ፍሬውን ከነሽፋኑ ተሸክሞ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የራስ ቁር የደፋ ወታደር ይመስላል። በመጨረሻ ሽፋኑ ይወድቅና ሁለቱ ክኮች፣ ማለትም በፍሬው ውስጥ የነበሩት የመጀመሪያ ቅጠሎች፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ይዘረጋሉ። ከአፈር ብቅ እስኪል ብቻ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ሊወስድ ስለሚችል፣ ንግግሩም መቻኮል የለበትም።

ክፍል ውስጥ ሲገባ የመጽሐፉን ሥዕል አስቀድሞ ማሳየት አይገባም፤ ሥዕሉ ከቀደመ የተማሪው ምናብ ሥራ ይፈታል። ተማሪዎቹ ሦስት ሆነው በአንድ ዴስክ ቢቀመጡም ክንዳቸውን በዴስኩ ላይ አሳርፈው ሁለት መዳፋቸውን ይግጠሙ፤ ይህ ፍሬው ነው፣ ሁለቱ መዳፎችም ሁለቱ ክኮች ናቸው። መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሥር ይሰድዳል» ሲል እግራቸውን ወለሉ ላይ ይጫኑ። «ይጎብጣል» ሲል የእጅ አንጓቸውን ወደ ፊት አጥፈው ክንዳቸውን በዝግታ ያንሡ፤ «ይሸከማል» ሲል አንጓቸውን ያቅኑ፤ «ይዘረጋል» ሲል መዳፎቻቸውን ይክፈቱ። እንቅስቃሴው ከቃሉ በጥቂት ቢቀድም ይመረጣል፣ ቃሉ ሲደርስ የተማሪው አካል ይጠብቀዋልና። በሁለተኛው ዙር ቃላቱን እነርሱ ይናገሯቸው። ሁሉም ነገር ተቀምጦ የሚሠራ በመሆኑ መቆም የማይችል ተማሪም ከሌሎቹ እኩል ይሳተፋል። ከሰውነት ጋር መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ) ተማሪ መቋሚያውን ይዞ እየተወዛወዘ፣ ቁርዓን የሚቀራ ልጅም በሉሑ (በእንጨት ሰሌዳው) ፊት ወዲያና ወዲህ እያለ ይማራል።

አነጋገር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ያንን የሚሸከመው የመምህሩ አፍ ብቻ ነው። «ዋና ሥር» ሲባል «ና» መጥበቅ አለበት፤ ከላላ ቃሉ በውሃ ላይ መዋኘት ይሆናል። ስለዚህ በሚጠብቀው ድምፅ ላይ ጣትን ከጣት ጋር አጥብቆ መያዝ፣ በሚላላው ላይ መልቀቅ ይጠቅማል። በቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ተማሪዎች ይህን ቶሎ ይረዱታል፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ የሚጠብቅ ድምፅ በሁለት ፊደል ይጻፋልና፤ ንጽጽሩን ራሳቸው እንዲያስረዱ ዕድል መስጠት መልካም ነው።

የጅማ ዝናብ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድብ ከዝናቡ በላይ ለመጮህ መሞከር ጉሮሮን ከመጉዳት በቀር የሚፈይደው የለም። ያን ጊዜ ዝም ብሎ እንቅስቃሴውን ብቻ ማሳየትና ተማሪዎቹ ቃሉን በልባቸው እንዲሉት ማድረግ ይበጃል። እንዲያውም ከሁሉ የተሻለ ትኩረት ያየሁት በእንዲህ ዓይነት ሰዓት ነው።

አንድ ስጋት አለ፤ ምናብ እውነቱን ሊሸፍን ይችላል። «ወታደሩ» ቁሩን ለማውለቅ ይፈልጋል ያለ ተማሪ ምስሉን ይዟል፣ ምክንያቱን ግን ስቷል፤ ሽፋኑ የሚወድቀው ክኮቹ እያደጉ ስለሚገፉት መሆኑን በግልጽ መንገር የመምህሩ ግዴታ ነው።

ይኸው አካሄድ ለታሪክም ይሠራል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ስለገዙት የጅማ ንጉሥ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ሲነገር፣ ተማሪዎቹ በጅሬን ኮረብታ ላይ ባለው ቤተ መንግሥት ቆመው ቁልቁል ወደ ሂርማታ ገበያ እንደሚመለከቱ አድርጎ መጀመር ይቻላል።

ትምህርቱ መግባቱን ለማወቅ በማግሥቱ መምህሩ ያለ ንግግር፣ በእጁ ብቻ፣ ሂደቱን ሆን ብሎ አዛብቶ ያሳይ፤ እግሩን ሳይጫን መዳፉን ይክፈት። ተማሪዎቹ የት ላይ እንደተሳሳተ በቃልም በእጅም ካረሙት በኋላ፣ የመጽሐፉ ሥዕል ይገለጥና ትክክለኛውን ቅደም ተከተል በደብተራቸው ይሣሉ።